ለሰፈር እናት ድጎማ፦ በየወሩ፣ ባንዴ ወይስ በዘይትና በዱቄት?

ባለፈው ክረምት የእድራችን ስብሰባ ላይ ድንኳኑ በጩኸት ሊቀደድ ነበር። እድራችን ሀዋሳ ነው፣ ከታቦር ተራራ ብዙም ሳይርቅ። በዓመቱ ብዙ ለቅሶ አልነበረም፣ ተመስገን። ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ ተርፏል። አንዱ አባል ተነስቶ «ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያላቸውን የተቸገሩ እናቶች እንርዳበት» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ጭቅጭቁ የመጣው «እንዴት?» ሲባል ነው።

ገንዘብ ያዣችን ጋሼ «ዘይትና ዱቄት ገዝተን እንስጥ፤ ብር እጅ ላይ አይቆምም» አሉ። አንዲት ወጣት «ባንዴ ጠቀም ያለ ብር እንስጣትና ጉሊት ትጀምርበት» አለች። እኔ «በየወሩ ቁርጥ ያለ ብር» ባይ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ ግን አሳምኜ መናገር አቃተኝ። እማማ ከወደ ኋላ ሆነው «ብቻ ባሏ እጅ አይግባ» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር የተሞከረውን ሳነብ ከረምኩ። የሰፈር እናቶችንም ቡና እየጠጣን ጠየቅኩ። ግማሹ ሐሳቤ ተቀየረ፣ ግማሹ ጠነከረ። እድር ወይም ማኅበር ላላችሁ፣ ውጭ ሆናችሁም ለአንዲት ዘመድ ለምትልኩ ይጠቅም ይሆናል ብዬ እንደሚከተለው ጻፍኩት።

መጀመሪያ ቀበሌ

የእድር ብር ከመነካቱ በፊት አንድ ጥያቄ አለ። እናቲቱ ሴፍቲኔት ውስጥ አለች ወይስ የለችም? የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ገደማ በ11 ከተሞች ሲጀመር ሀዋሳም አዳማም ነበሩበት። በ2013 ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ ከተሞቹ ከ80 በላይ ሆኑ። ሁለት በር አለው። መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ይሳተፋል፤ ጽዳት፣ የውኃ ቦይ፣ ችግኝ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። መሥራት የማይችል ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራው ወጥታ ክፍያዋ እንዲቀጥል አሠራሩ ይፈቅዳል። ይህን ብዙዎቹ አያውቁም። ሆዷ ገፍቶ መጥረጊያ የያዘች ሴት ካያችሁ ንገሯት።

ችግሩ፣ ሴፍቲኔት ለሁሉም አይደርስም። ኮታ አለው። ተከራይታ በየጊዜው ሰፈር የምትቀይር እናት ደግሞ በምልመላው በቀላሉ ትዘለላለች። የአካባቢ ልማት ሥራውም በሦስት ዓመት ያበቃል፣ ከክፍያውም አንድ አምስተኛው ለቁጠባ ይቀመጣል። ስለዚህ እድር የሚገባበት ክፍተት ሰፊ ነው።

ሌላም አለ። የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ወሊድና የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ለነዚህ ብር አትመድቡ። በጣም ለተቸገሩ ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራርም አለ። ከእናቲቱ ጋር አብሮ ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ አንዳንዴ ከአንድ ሺህ ብር ይበልጣል። ብቻዋን ስትሄድ «ነገ ነይ» ይሏታል፣ ከእድር ሰብሳቢ ጋር ስትሄድ ወንበር ይሰጧታል። እውነቱ ይኸው ነው።

በየወሩ

ዋስትና ያለው ገቢ ሲባል ትርጉሙ ቀላል ነው። ሥራ ብታገኝም ባታገኝም፣ በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር ይደርሳታል የሚል ቃል ነው።

የወር ክፍያ ትልቁ ጥቅም ብሩ ላይ እንዳይመስላችሁ። ቀኑ ላይ ነው። ይህን ያስተማረችኝ ልብስ እያጠበች ሁለት ልጅ የምታሳድግ ጎረቤቴ ናት። «ስንት ቢሆን ይበቃሻል?» ብዬ ስጠይቃት «ብሩን ቀንሺው፣ ቀኑን ግን ንገሪኝ» አለችኝ። ለምን? ባለሱቁ ቀኑን ካወቀ ዱቤ ይሰጣታል። አከራይዋ ቀኑን ካወቀች አትጮህባትም። ዝናብ ዘንቦ ሥራ የቀረ ቀን ልጇ እንቁላል ይበላል። ቀኑ ያልታወቀ 2,000 ብር እንዲህ አያደርግም።

የሕፃን ምግብም በየቀኑ ነው የሚፈለገው። ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ይበቃዋል፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ልደት ያሉት 1,000 ቀናት የልጁን ቁመትና አእምሮ ይወስናሉ ይላሉ የሥነ ምግብ ሰዎች። አገራችን በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ለዕድሜ ማጠርን፣ ለማስቀረት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጣችውም ይህንኑ ይዛ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። ለዚህ በዓመት አንዴ የሚመጣ ስጦታ አይደርስለትም።

በየወሩ የሚሰጥ የልጅ ድጎማ አዲስ ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በወር 100 ራንድ ብላ ጀመረች። ዛሬ እስከ 18 ዓመት ድረስ ይሰጣል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። አንደኛ፣ ተአምር አትጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ 1,000 እናቶችን ይዞ የተጀመረ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ለ400ዎቹ ከወለዱበት ጊዜ ጀምሮ በወር 333 ዶላር፣ ለቀሪዎቹ 20 ዶላር ተሰጣቸው። ልጆቹ አራት ዓመት ሲሆናቸው በቋንቋና በአስተሳሰብ ፈተና በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። እኔ ይህን ሳነብ ትንሽ ከፋኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ የኛ ሰፈር ጥያቄ ስለ ፈተና ውጤት አይደለም። ስለ እራት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከባድ ነው። ብሩ ይሟሽሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ «በወር 1,000» ብሎ ለሁለት ዓመት ቃል የገባ ሰው ቃሉን ጠብቋል፣ ግን የሰጠው ያንኑ አይደለም። ስለዚህ ቃል ስትገቡ «በየስድስት ወሩ እናየዋለን» የሚል ይኑርበት።

ባንዴ

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የተነቀነቀው።

ኬንያ ውስጥ በሲያያና በቦሜት ወረዳዎች በ195 መንደሮች ትልቅ ሙከራ ተደርጓል። አንዳንዶቹ መንደሮች በወር 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ ለ12 ዓመት፣ ሌሎቹ ያንኑ ለሁለት ዓመት፣ ሌሎቹ ደግሞ 500 ዶላር ያህል ባንዴ እንዲያገኙ ተደረገ። ሁለት ዓመት በየወሩ የተከፈለውና ባንዴ የተሰጠው በድምሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ ባንዴ የወሰዱት የሁለት ዓመት ተከፋዮቹን በንግድ ጥለዋቸው ሄደዋል። ትንንሽ ሱቅ ከፈቱ፣ ገቢያቸው አደገ።

የሚገርመው የ12 ዓመቶቹ ነው። እነሱም በንግድ ጥሩ ሆኑ። እንዴት? እቁብ ገቡ! የወሩን ብር በተራ እየሰበሰቡ ወደ ትልቅ ብር ቀየሩት። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኛ ለዚህ ተመራማሪ አያስፈልገንም ነበር፣ እትዬ የእቁብ ጸሐፊያችን ይበቁ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ይህ ነው። እቁብ የሚገባው ቀጣዩ ወር እንደሚመጣ ያመነ ሰው ነው። ቃሉ አጭር ከሆነ ሰው እጁን ይሰበስባል።

አገራችንም ውስጥ የተሠራ አለ። ሥራ ፈልገው በአምስት ድርጅቶች ካመለከቱ 1,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ለተወሰኑት የፋብሪካ ሥራ ተሰጣቸው። ለሌሎቹ 300 ዶላርና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠ። በዓመቱ ብሩን የወሰዱት ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ በልጦ ተገኘ። ፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ። የኛ ከተማ የኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ይህ አይገርመውም። በአምስት ዓመቱ ግን ሁሉም አንድ ላይ ሆኑ። የ300 ዶላሩ ብልጫ ጠፋ። ስለዚህ ባንዴ የሚሰጥ ብር መነሻ ነው፣ ዕድሜ ልክ አይገፋም።

ለእኔ ሚዛኑን የሰበረው ሌላ ነው። እዚያው ሲያያ ውስጥ ከ10,000 በላይ ድሃ ቤተሰቦች 1,000 ዶላር ያህል ተሰጥቷቸው ነበር። ቆይተው የሕፃናት ሞትን ሲቆጥሩ፣ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኘ፤ 48 በመቶ ቀንሷል። ትልቁ ለውጥ የታየው ገንዘቡ በወሊድ አካባቢ ለደረሳቸው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እናቲቱ ጤና ተቋም ሄዳ ወለደች፣ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራትም ከከባድ ሥራ አረፈች።

ልብ በሉ፣ በሕግ የተቀጠረች ሴት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ከነደመወዙ አላት። ልብስ አጣቢዋ፣ ጉሊት ተቀማጯ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ግን አንድም ቀን የላትም። ባንዴ የሚሰጠው ብር እሷ የሌላትን የወሊድ ፈቃድ ይገዛላታል።

ባንዴ መስጠት የራሱ መዘዝ አለው። ወሬው ይሰማል። ወንድም ይመጣል፣ አበዳሪ ይመጣል፣ አከራይ ኪራይ ይጨምራል። አራስ ሴት ደግሞ «የለኝም» ለማለት ጉልበት የላትም። ስለዚህ መጠኑ በስብሰባ ላይ አይነገር። ስም ዝርዝር ድንኳን ውስጥ ማንበብ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ተዉት።

በዓይነት

ጋሼን ላለማስቀየም ይህንንም ሞክረነዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ለአንዲት እናት ዘይትና ዱቄት ወሰድን። በሳምንቱ ዘይቱ ጥግ ላይ ካለው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር። ከዋጋው ቀንሳ ሸጣው ኪራይ ከፈለችበት። ጋሼ «አየሽ!» አሉኝ። እኔም «አየሁ» አልኳቸው። ያየነው ግን የተለያየ ነገር ነው። እሳቸው ያዩት አመል ነው፣ እኔ ያየሁት ኪራይ ነው። ብሩን ሰጥተናት ቢሆን ልዩነቱ የባለሱቁ ባልሆነ ነበር።

ሀዋሳ ገበያ የሞላባት ከተማ ናት። አሞራ ገደል ወርዳ ቆሮሶ ዓሣ ትገዛለች፣ ከገበያ ቦሎቄ ትገዛለች፣ ለአራስ ገንፎ ቡላ አለ። የልጇን ሆድ የምታውቀው እሷ ናት፣ ኮሚቴው አይደለም።

ጋሼ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ የገጠሩ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ብሩን ትተው እህል ይሰጠን ማለት ጀምረው ነበር። ብር ሲረክስ ኩንታል አይረክስም። ዋጋ በየሳምንቱ ሲጨምር እድሩ በጅምላ ገዝቶ ማከፋፈሉ ያዋጣል። በሌላው ጊዜ ግን ብር ይሻላል።

ግዴታ ይኑር ወይስ አይኑር?

«የክትባት ካርድ ካላሳየች አይከፈላት» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ከሜክሲኮና ከብራዚል የመጣ ነው፤ እዚያ መንግሥት ክፍያውን ሲጀምር ከትምህርትና ከጤና ክትትል ጋር አስሮት ነበር። የእድር ኮሚቴ ግን መንግሥት አይደለም። ማን ይቆጣጠራል? ልጇ ታሞ ቀጠሮ ያለፋትን እናት ማን ይቀጣል? ለቅሶ ላይ አብረን የምንቀመጥ ሰዎች ነን።

ሞሮኮ ውስጥ የተሞከረው ይሻለኛል። ለአንዳንድ ቤተሰቦች ልጅ ትምህርት ቤት ካልሄደ አይከፈልም ተባለ። ለሌሎቹ «ይህ የልጆቻችሁ ትምህርት ድጋፍ ነው» ብቻ ተባለ፣ ቁጥጥር የለም። ያለ ግዴታ የተሰጠው ቢያንስ የግዴታውን ያህል ሠራ፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ስለዚህ ብሩን ስትሰጡ «ይህ የሕፃኑ ነው» በሉ። በ45 ቀን፣ በዘጠኝ ወር ክትባቱን እንደ ጎረቤት አስታውሱ። ይበቃል።

«ይጠጡበታል» ለሚለው ደግሞ፣ ኢቫንስና ፖፖቫ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከተለያዩ አገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። በጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ምክንያት የመጠጥና የሲጋራ ወጪ ጨመረ የሚል ነገር አላገኙም።

በማን እጅ?

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ አለ፣ ለዚህ ሥራ በጣም ይመቻል። ሰልፍ የለም፣ ጎረቤት አያይም። ኒጀር ውስጥ ከድርቅ በኋላ ለሴቶች በሞባይል የተላከ ብር፣ በእጅ ከተሰጠው ይልቅ ቤተሰቡ የተለያየ ምግብ እንዲበላ አድርጓል። ሴቶቹ ብሩ መቼ እንደገባና ምን ላይ እንደሚውል የመወሰን ዕድላቸው ሰፋ። ሲም ካርዱ በእናቲቱ ስም መሆኑን ግን አረጋግጡ። ብዙ ቤት ስልኩ አንድ ነው፣ እሱም የአባወራው ነው።

የሞሮኮው ጥናት ለአባት ቢሰጥም ለእናት ቢሰጥም ውጤቱ ብዙ አልተለያየም ይላል። ይህን ለእማማ ብነግራቸው «እንግዲያው ሞሮኮ ሂጂና ኑሪ» አሉኝ። እኔም ከእማማ ጋር ነኝ።

ሒሳቡ

እንበልና በዓመት 120,000 ብር አለን። በየወሩ 1,000 ከሰጠን 10 እናቶች ይደርሳቸዋል። ባንዴ 10,000 ከሰጠን 12 እናቶች። ሁለቱን ከቀላቀልን፣ ማለትም በወሊድ ሰሞን 8,000፣ ከዚያ ለ12 ወር በየወሩ 1,000፣ ለአንዲት እናት 20,000 ይሆናል። ስድስት እናቶች ማለት ነው። እኔ ደግሞ አምስት ብቻ ያዙና ቀሪውን 20,000 ለዋጋ ንረት አስቀምጡት እላለሁ። በአሜሪካ ፍሊንት ከተማ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠሩበት መንገድም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በእርግዝና ጊዜ 1,500 ዶላር ባንዴ፣ ከዚያ ለአንድ ዓመት በየወሩ 500።

የእድር ሰው ለብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ መስጠት ይወዳል። ማንም እንዳይቀየም። እኔ ግን ለ30 እናቶች በዓመት 4,000 ከመበተን፣ ለአምስቱ ቃል ገብቶ አለማጓደል ይሻላል ባይ ነኝ። ማን ይመረጥ በሚለው ብዙ አትጨነቁ። በቅርቡ የምትወልድ፣ ደመወዝ የሌላት፣ ሴፍቲኔት ያልደረሳት ካላችሁ ሰፈሩ ራሱ ያውቃታል።

ሁለት ነገር ግን በወረቀት ይሁን። የመተዳደሪያ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻል፣ ገንዘቡም ከለቅሶው ሒሳብ ተለይቶ በሌላ ደብተር ይቀመጥ። ድንገት ሁለት ለቅሶ በተከታታይ ቢመጣ የሕፃኑ ብር ለድንኳን ኪራይ እንዳይወጣ።

እኛ በአራት እናቶች ጀምረናል። ክፍያው ወር በገባ በአምስት ነው፣ ኪራይ ከሚከፈልበት ቀን በፊት። ጋሼ ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን አላወጡም። ግን የመጀመሪያዋ እናት የወለደች ሰሞን ከራሳቸው ኪስ ባለ አምስት ሊትር ዘይት ገዝተው፣ ባጃጅ ተሳፍረው ሄዱ። የቡላ ገንፎ ቀርቦላቸው በልተው መጡ። ዘይቱ እስካሁን አልተሸጠም ይላሉ፤ ሳምንት ሳምንት እያለፉ ያዩታል መሰለኝ።